ኦስቲያ፤ የጥንታዊት ሮማ ወደብ ታሪክና የፍርስራሹ ምስክርነት

የጥንት ከተሞች አወዳደቅ ብዙ ጊዜ በአጭር ቃል ይተረካል። ከተማይቱ በጠላት ጦር ተቃጠለች፣ ወይም እሳተ ገሞራ ቀበራት፣ ወይም በምድር መናወጥ ፈረሰች ይባልና የታሪኩ መዝገብ ይዘጋል። የሮማ የባሕር በር የነበረችው ኦስቲያ ግን እንዲህ ያለ የሞት ቀን የላትም፤ ገዳይዋም አንድ አይደለም። ወንዝ ወለዳት፣ ወንዝ አሳደጋት፣ ያው ወንዝ ባመጣው ደለል አፏን ዘጋባት፤ ቄሣሮች አከበሩአት፣ ቄሣሮችም ማዕርጓን ለሌላ ከተማ ሰጡባት፤ በመጨረሻም ድንጋይ ፈላጊዎችና ታሪክ ፈላጊዎች እየተፈራረቁ ቈፈሩአት።

ስለዚህ የኦስቲያን ታሪክ የሚመረምር ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው አንዲት ትንሽ የወታደር ሰፈር እንዴት ታላቅ የንግድ ከተማ እንደ ሆነችና እንዴት እንደ ወደቀች የሚመለከት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፍርስራሹ ስለዚሁ አወዳደቅ የሚሰጠው ምስክርነት ምን ያህል ይታመናል የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ችላ ተብሎ ቢቈይም፣ ለመጀመሪያው የተሰጠውን መልስ እስከ መለወጥ የሚያደርስ ኀይል አለው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የቦታው አቀማመጥና የከተማይቱ አመሠራረት

ኦስቲያ የሚለው ስም የወጣው አፍ ወይም መግቢያ የሚል ትርጓሜ ካለው የላቲን ቃል ነው። ከተማይቱ የተቈረቈረችው ቲቤር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ፣ ከሮማ በስተ ደቡብ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ዛሬ ፍርስራሹን ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ባሕሩን በአጠገቡ አያገኘውም። ወንዙ በየዘመኑ ተሸክሞ ያመጣው ደለል የባሕሩን ዳርቻ ወደ ምዕራብ ስለ ገፋው፣ ውኃው ከጥንቱ ከተማ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል። ወንዙ ራሱም የቀድሞ መንገዱን ትቶ በሌላ በኩል ይፈሳል። ከዚህ የተነሣ የወደብ ከተማ የነበረችው ኦስቲያ ዛሬ በጥድ ዛፎች መካከል በደረቅ ሜዳ ላይ ተዘርግታ ትታያለች።

የሮማ ሰዎች ራሳቸው ከተማይቱን የመሠረተው ከሮሙሉስ ጀምሮ ሲቈጠር አራተኛ የሆነው ንጉሥ አንኩስ ማርኪዩስ ነው ይሉ ነበር። ይህ አፈ ታሪክ በኦስቲያ ውስጥ በ2ኛው ምእት ዓመት በድንጋይ ላይ ተቀርጾ እስከ መገኘት ደርሷል። እንደ አፈ ታሪኩ ከሆነ ምሥረታው በ7ኛው ምእት ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት መሆን ነበረበት። ከመሬት ውስጥ የተገኘው እጅግ ጥንታዊ ሕንፃ ግን የ4ኛው ምእት ዓመት ከልደት በፊት ነው፤ ይኸውም 194 ሜትር ርዝመትና 125 ሜትር ያህል ወርድ ያለው፣ ቱፋ በሚባለው ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የታጠረ የወታደር ሰፈር ነው። አፈ ታሪኩና ድንጋዩ ባይስማሙም፣ ስለ ቦታው ጥቅም ሁለቱም አንድ ነገር ይመሰክራሉ። የወንዙን አፍ የያዘ ሰው ወደ ሮማ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቈጣጠራል፤ በአካባቢው ካለው ረግረግ የሚገኘውንም ጨው ይወስዳል። ጨው በዚያ ዘመን የመንግሥት ሀብት ነበር።

ከካርታጎ ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ጊዜ ኦስቲያ የሮማ መርከቦች መሰብሰቢያ ሆነች። በእርስ በርስ ጦርነትም መከራዋን ተቀበለች፤ በ87 ዓመት ከልደት በፊት ማሪዩስ ይዟት ዘረፋት። ከዚያም ሃያ ዓመት ሳይሞላ የባሕር ወንበዴዎች ወንዙ አፍ ድረስ ደርሰው በዚያ የቆመውን የሮማ መርከብ ጓድ አጠፉ። ይህ ውርደት ሮማውያንን እጅግ ስላስቈጣ በ67 ዓመት ከልደት በፊት ለፖምፔዩስ በባሕር ሁሉ ላይ ልዩ ሥልጣን እንዲሰጠው አንዱ ምክንያት ሆነ። ከተማይቱን የከበበው ትልቅ ቅጥር ቀድሞ የሱላ ሥራ ነው ይባል ነበር። በሮማ በር ላይ የነበረው ጽሕፈት ስብርባሪው ተገጣጥሞ ሲነበብ ግን ሥራው የተጀመረው ኪኬሮ ቆንሲል በነበረበት በ63 ዓመት ከልደት በፊት መሆኑ ታወቀ። አንድ የተሰበረ ጽሕፈት ሲጠገን የመላ ቅጥሩ ዘመን ተለወጠ፤ በኦስቲያ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው።

፪. ወደብ የሌላት የወደብ ከተማ

ኦስቲያ የሮማ ወደብ ትባል እንጂ ለብዙ ዘመን እውነተኛ ወደብ አልነበራትም። የግሪኩ ጸሐፊ ስትራቦን በአውግስጦስና በጢባርዮስ ዘመን ሲጽፍ፣ ከተማይቱ በወንዙ ደለል ምክንያት መርከብ የሚያስጠጋ ወደብ እንደሌላት ይናገራል። ትላልቆቹ መርከቦች በማዕበሉ መካከል ከባሕሩ ዳር ርቀው ይቆማሉ፤ ትናንሽ ጀልባዎች ወደ እነርሱ ሄደው ጭነቱን ይቀበላሉ፤ መርከቡም ከቀለለ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ይገባል። ይህ አሠራር አድካሚና አስጊ ስለ ነበረ፣ ከእስክንድርያ ስንዴ የሚያመጡት ታላላቅ መርከቦች በደቡብ በኩል ከኔፕልስ አጠገብ ወዳለው ወደ ፑቲዮሉስ ይሄዱ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮማ ሲወሰድ የተሳፈረበት የእስክንድርያ መርከብ በዚሁ በፑቲዮሉስ እንደ ደረሰ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ተጽፎ ይገኛል።

ነገሩ ለሮማ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። በአውግስጦስ ዘመን ከመንግሥት በነጻ እህል የሚቀበለው ሕዝብ ብቻ ከ200,000 በላይ ነበር። እህሉ የሚመጣው ከግብፅ፣ ከሰሜን አፍሪቃ፣ ከሲሲልያና ከሰርዲንያ በባሕር ስለ ነበረ፣ ማዕበል መርከቦቹን ባዘገየ ቍጥር ዋና ከተማው ይራባል፤ ሕዝቡም ሲራብ ቄሣሩ ይሠጋል። ዩልዮስ ቄሣር በወንዙ አፍ ላይ ወደብ ለማሠራት አስቦ ሳይጀምረው ሞተ። ሥራውን የጀመረው ቀላውዴዎስ ነው። ዘመኑም የራብ ዘመን ነበረ፤ በቀላውዴዎስ ጊዜ ስለ ሆነው ራብ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ይጠቅሳል። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ዲዮ እንደሚለው፣ መሐንዲሶቹ የወጪውን ብዛት ነግረው ቄሣሩን ሊያስፈሩት ሞክረው ነበር፤ እርሱ ግን በ42 ዓ.ም. ሥራውን አስጀመረ።

ወደቡ የተሠራው ከኦስቲያ በስተ ሰሜን 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ሁለት ረጃጅም የድንጋይ ክንዶች ወደ ባሕር ተዘርግተው 200 ሄክታር ያህል ውኃ አቀፉ። በመግቢያውም ላይ ለመርከበኞች መብራት የሚያሳይ ግንብ ቆመ። ለግንቡ መሠረት የሆነው፣ ካሊጉላ ከግብፅ አንድ ታላቅ ሐውልት ያስጫነበት መርከብ ነበር፤ መርከቡ በድንጋይና በስሚንቶ ተሞልቶ እንዲሰጥም ተደረገ። ያ ሐውልት ዛሬ በሮማ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ ቆሞ ይገኛል። በ46 ዓ.ም. የተቀረጸ ጽሕፈትም፣ ከወንዙ ወደ ባሕር የተቈፈሩት ቦዮች ሮማን ከጐርፍ አደጋ እንዳዳኑአት ይገልጻል።

ይሁን እንጂ የቀላውዴዎስ ወደብ ሰፊ በመሆኑ መርከቦቹን ከማዕበል ሊሰውራቸው አልቻለም። ታኪቱስ እንደ ጻፈው፣ በ62 ዓ.ም. 200 ያህል መርከቦች በወደቡ ውስጥ ቆመው ሳሉ ዐውሎ ነፋስ አጠፋቸው። ስለዚህ ቄሣር ትራያኖስ በ2ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ የብስ ገባ ብሎ ሁለተኛ ወደብ አስቈፈረ። ይህ ስድስት ማዕዘን ያለው ገንዳ የእያንዳንዱ ጎኑ ርዝመት 358 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ 5 ሜትር ያህል ነው። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ በመሆናቸው ብዙ መርከቦች ተራ ጠብቀው ሊራገፉ ይችሉ ነበር፤ ቦታውን ለማወቅም በየአምዱ ላይ ቍጥር ተጽፎ ነበር። ገንዳው እስከ ዛሬ ውኃ እንደ ያዘ ሐይቅ ሆኖ ይታያል። አዲሱ ሰፈር ፖርቱስ፣ ማለት ወደብ፣ ተባለ። ኦስቲያ የወለደችው ይህ ሰፈር ከጊዜ በኋላ የወላጁን ስፍራ እንደሚወርስ በዚያ ጊዜ ማንም አላሰበም። ይልቁንም ሥራው፣ ሹመቱና ገንዘቡ ሁሉ በኦስቲያ በኩል ያልፍ ስለ ነበረ ከተማይቱ ከመቼውም የበለጠ ገነነች።

፫. ኦስቲያ በገነነችበት ዘመን

ከሁሉ በላይ የዚህን ዘመን ታሪክ ጠብቆ ያቈየው ጡብ ነው። የሮማ ጡብ ሠሪዎች በጡቡ ላይ ማኅተም ያሳርፉ ነበር፤ በማኅተሙም ላይ የሸክላ መሬቱ ባለቤት፣ አንዳንድ ጊዜም የዓመቱ ቆንሲሎች ስም ይገኛል። በተለይ በ123 ዓ.ም. የታተሙት ጡቦች እጅግ ብዙ ናቸው። ኸርበርት ብሎክ የተባለው ሊቅ ማኅተሞቹን አንድ በአንድ መርምሮ፣ ዛሬ የሚታየው የኦስቲያ ክፍል ብዛቱ በቄሣር ሃድርያኖስ ዘመን እንደ አዲስ የተሠራ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ጡብ በኦስቲያ የግንብ ሥራ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የዘመን መቍጠሪያም ነው።

ከሮማ በር እስከ ባሕር በር የሚደርሰው ዋና ጐዳና ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በግራና በቀኙ ፎቅ ቤቶች ተሰልፈው ይታያሉ። ፖምፔይ የባለጸጎች መኖሪያ የሆኑ ዝቅተኛ ቤቶችን ስታሳይ፣ ኦስቲያ ግን ብዙ ሕዝብ በኪራይ ተደራርቦ የሚኖርባቸውን ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ታሳያለች። ምድር ቤቱ ሱቅ ነው፤ ከሱቁ በስተ ኋላ ወይም በላይ ባለሱቁ ያድራል፤ ከመንገዱ የሚነሣ ደረጃ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ያወጣል። በሮማ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያሉት ቤቶች ከጥቂቶቹ በቀር ስለ ጠፉ፣ የዋናው ከተማ ተራ ሕዝብ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ኦስቲያን መመልከት ግድ ይሆንበታል። የነዋሪው ብዛት ከ40,000 እስከ 50,000 እንደሚደርስ የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ።

የከተማይቱ ልብ ግን ጎተራዎችዋ ነበሩ። ስንዴ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ይበቅላል፣ ይሞቃል። ይህን ለመከላከል የታላቁ ጎተራ ወለል በአጫጭር ግንቦች ላይ ከፍ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር፤ ነፋስ ከበታቹ እየተመላለሰ እህሉን ያደርቀዋል። ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ጠባብ፣ መስኮቱ ትንሽ ነው። ኤፓጋቱስና ኤፓፍሮዲቱስ የተባሉት ሁለት ሰዎች ጎተራ ደግሞ በ2ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ የተሠራ ሲሆን፣ ስማቸው በበሩ በላይ በእብነ በረድ ላይ ተጽፎ ዛሬም ይነበባል። ስማቸው የግሪክ ስም በመሆኑ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች እንደ ነበሩ ይገመታል። በሌላ ሕንፃ ውስጥ ከ30 በላይ ትላልቅ ጋኖች እስከ አፋቸው በመሬት ውስጥ ተቀብረው ተገኝተዋል፤ መጠናቸውም በላያቸው ላይ ተቀርጿል።

እህሉ ወደ ሮማ የሚሄደው ጠፍጣፋ በሆኑ የወንዝ ጀልባዎች ነው። ጀልባዎቹን በወንዙ ዳር እየሄዱ በገመድ የሚስቡ ሰዎችና በሬዎች ነበሩ። ሥራው በብዙ ማኅበራት ተከፋፍሎ ነበር። የእህል ሰፋሪዎች ማኅበር በአዳራሹ ወለል ላይ ቍናውን ሞልተው ሲሰፍሩ የሚያሳይ የሞዛይክ ሥዕል ትቶልናል። አሸዋ ወደ መርከብ የሚጭኑ፣ ውኃ ውስጥ ጠልቀው የሰጠመ ዕቃ የሚያወጡ፣ ጀልባ የሚሠሩ ሁሉ የየራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። በ198 ዓ.ም. የተጻፈው የግንበኞችና የአናጢዎች ማኅበር ስም ዝርዝር ብቻ ከ300 በላይ አባሎችን ይቈጥራል።

ከቴአትሩ በስተ ኋላ ያለው ታላቅ አደባባይ በዓለም ላይ አቻ የለውም። ቴአትሩ በአውግስጦስ ጊዜ በአግሪፓ ተሠርቶ በ196 ዓ.ም. ሰፍቶ ተመርቋል። አደባባዩን 61 ትናንሽ ክፍሎች ይከቡታል፤ በፊታቸውም ባለው ወለል ላይ በጥቁርና በነጭ ጠጠር መርከብ፣ ዓሣ፣ የመብራት ግንብና የእህል መስፈሪያ ተሥሎአል። ጽሕፈቱም የየአገሩን መርከበኞችና ነጋዴዎች ስም ይጠራል፤ ካርታጎ፣ ናርቦን፣ ካልያሪ፣ እስክንድርያ ይገኙባቸዋል። የሊቢያዪቱ ሳብራታ ሰዎች ያሠሩት ዝሆን ነው። እነዚህ ክፍሎች የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ነበሩ ወይስ ማኅበራቱ ለቴአትሩና በአደባባዩ መካከል ለነበረው ቤተ መቅደስ ያደረጉት የክብር ስጦታ የሚለው ክርክር ገና አልበረደም። ክርክሩ እንዴትም ቢፈታ፣ ሜዲቴራኒያንን የከበቡት አገሮች ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ስማቸውን ማጻፋቸው የሚካድ አይደለም።

ከኦስቲያና ከፖርቱስ መካከል ባለው መቃብር ላይ ደግሞ ባለጸጎች ሳይሆኑ ሠራተኞች ይታያሉ። በመቃብሩ ፊት በሸክላ ላይ የተቀረጸ ሥዕል፣ ስክሪቦንያ አቲኬ የተባለች አዋላጅ ምጥ የያዛትን ሴት ስታዋልድ ያሳያል፤ ባልዋ ሐኪም አመሪምኑስም በሌላው ሥዕል የሰውን እግር ያክማል። በግብፅ በፓፒሩስ ላይ የተገኘ፣ ኢሬኔዎስ የተባለ ሰው ለወንድሙ የላከው ደብዳቤም አለ። በእህል መርከብ ወደ ሮማ መጥቶ ጭነታቸውን ካራገፉ በኋላ የመሄጃ ፈቃድ በየቀኑ ቢጠብቁም፣ ደብዳቤውን እስከ ጻፈበት ቀን ድረስ ከእህል መርከበኞች ለአንዱም እንዳልተሰጠ ይናገራል። ታላቁ የሮማ እህል አስተዳደር ከታች ሆኖ ለሚጠብቀው ሰው ምን ይመስል እንደ ነበረ ከዚህ አጭር ደብዳቤ የበለጠ የሚያስረዳ ጥቂት ነው።

፬. የብዙ እምነት ከተማ

መርከብ እህል ብቻ አያመጣም፤ አማልክትንም ያመጣል። በኦስቲያ ከሮማ አማልክት ጎን የግብፅ ኢሲስና ሴራፒስ፣ የፍርግያ ታላቋ እናት፣ ምሥጢራዊው ሚትራም ይመለኩ ነበር። የሚትራ ጸሎት ቤቶች ብቻ ከ15 አያንሱም፤ ሁሉም ጠባብና ጨለማ፣ ለጥቂት ሰዎች የተሠሩ ናቸው።

በ1961 ዓ.ም. ወደ ፊዩሚቺኖ የአየር ማረፊያ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ፣ በጥንቱ የባሕር ዳር አጠገብ የአይሁድ ምኵራብ ተገኘ። ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ማንነቱን አረጋገጡ። ሚንዲዩስ ፋውስቱስ የተባለ ሰው ለቅዱስ ሕግ ታቦት ማሠራቱን የሚናገር ጽሕፈትም ተገኝቶአል። ሕንፃው መጀመሪያ በተሠራበት ጊዜ ላይ ሊቃውንት ቢለያዩም፣ በምዕራብ አውሮፓ ከታወቁት ምኵራቦች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ክርስቲያኖችም በቈስጠንጢኖስ ዘመን በከተማይቱ ደቡባዊ ክፍል ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። ቦታው በ1996 ዓ.ም. መሬቱ ሳይቈፈር በመሣሪያ ምርመራ ታወቀ። የኦስቲያ ጳጳስ የሮማን ጳጳስ የመሾም ልዩ ክብር ነበረው። በ387 ዓ.ም. የቅዱስ አውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ወደ አፍሪቃ ለመመለስ መርከብ ስትጠባበቅ በኦስቲያ ታማ ዐረፈች። ለእርስዋ የተጻፈው የመቃብር ጽሕፈት ስባሪ በ1945 ዓ.ም. በአጋጣሚ ተገኝቶአል።

፭. አወዳደቁና ማስረጃው

ለረዥም ጊዜ የተለመደው ትረካ ይህ ነው። በ3ኛው ምእት ዓመት በሮማ መንግሥት ላይ የደረሰው ሁከት ንግዱን አቀዘቀዘ፤ ቈስጠንጢኖስ ፖርቱስን ከኦስቲያ ለይቶ ራሱን የቻለ ከተማ ስላደረገው ኦስቲያ ሥራዋን ተቀማች፤ ከዚያ በኋላ ባዶዋን ቀረች። ለዚህ ትረካ ማስረጃ አይታጣለትም። በ3ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ላይ የተቃጠለው ትልቅ ወፍጮ ቤት ዳግመኛ አልተሠራም። በ409 ዓ.ም. የጐቶች ንጉሥ አላሪክ ሮማን ለማስራብ የያዘው ኦስቲያን ሳይሆን ፖርቱስን ነበር። በ6ኛው ምእት ዓመት የጻፈው ፕሮኮፒዩስም ኦስቲያ ቅጥር የሌላት፣ ከሮማ የሚመጣው መንገድዋም ዱር የበቀለበት መሆኑን ይናገራል።

ነገር ግን ተቃራኒ ማስረጃም አለ። በ4ኛው ምእት ዓመት በከተማይቱ ውስጥ በእብነ በረድ ያጌጡ፣ ፏፏቴ ያላቸው የባለጸጎች ቤቶች ተሠርተዋል፤ የአሞርና የፕሲኬ ቤት ተብሎ የሚጠራው ለዚህ ምሳሌ ነው። መታጠቢያ ቤቶችም ታድሰዋል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የእንግሊዝና የጀርመን ሊቃውንት በፎሩሙ ላይ ያደረጉት ጥንቃቄ የተሞላ ምርመራ፣ አደባባዩ እስከ 5ኛው ምእት ዓመት ድረስ ሲጠገን እንደ ኖረ አሳይቷል። ስለዚህ ኦስቲያ የወደብ ሥራዋን ብታጣም ከተማነቷን ወዲያው አላጣችም። ጎተራ የነበረችው ከተማ የባለርስቶችና የዕረፍት ፈላጊዎች መኖሪያ ሆና ቈየች፤ የተሟሟቀው ክፍልዋ ሲደምቅ የቀረው ሰፈር እየፈረሰ ይሄድ ነበር።

ታዲያ የመጀመሪያው ትረካ ይህን ያህል ዘመን ያለ ተቃውሞ እንዴት ኖረ? መልሱ የሚገኘው በከተማይቱ ታሪክ ሳይሆን በቍፋሮው ታሪክ ውስጥ ነው።

፮. ድንጋይ ፈላጊዎችና ታሪክ ፈላጊዎች

ከ827 እስከ 844 ዓ.ም. የሮማ ጳጳስ የነበረው ጎርጎርዮስ 4ኛ፣ ከዐረቦች የባሕር ወረራ ለመከላከል በፍርስራሹ አጠገብ ትንሽ የታጠረ ከተማ ሠራ፤ በ849 ዓ.ም.ም በዚያው አንጻር የባሕር ጦርነት ተደረገ። የቀረው ሕዝብ ወደዚህ አዲስ ሰፈር ስለ ገባ የጥንቱ ከተማ የድንጋይ ማዕድን ሆነ። የኦስቲያ እብነ በረድ ፒሳ፣ ኦርቪየቶና አማልፊ ድረስ ለአብያተ ክርስቲያናት ሥራ ተወስዶአል። ያልተወሰደው በዚያው በፍርስራሹ መካከል በተሠሩ ምድጃዎች ተቃጥሎ ኖራ ሆነ፤ ስንት ምስልና ስንት ጽሕፈት በእሳት እንደ ጠፋ የሚቈጥር የለም። በ1557 ዓ.ም. ታላቅ ጐርፍ ወንዙን ከጥንት መንገዱ አስወጣው። ከዚያ ወዲህ አካባቢው ረግረግና የወባ አገር ሆኖ ኖረ። ከ1884 ዓ.ም. ጀምሮ ከራቬና የመጡ የቀን ሠራተኞች ብዙ ነፍስ ከፍለው ውኃውን አንጠፈጠፉት።

በፒዮስ 7ኛና በፒዮስ 9ኛ ዘመን የተደረገው ቍፋሮ ዓላማው ለሙዚየም የሚሆን ምስል ማግኘት ነበር። በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ዳንቴ ቫግልየሪ፣ ከእርሱም በኋላ ጉዊዶ ካልዛ ሥራውን በሥርዓት ያዙት። ሆኖም ትልቁ ቍፋሮ የተደረገው ከ1938 እስከ 1942 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። የፋሽስት መንግሥት ሥልጣን የያዘበትን 20ኛ ዓመት በ1942 ዓ.ም. በታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ለማክበር አስቦ፣ ኦስቲያም ለእንግዶች መታያ እንድትደርስ አዘዘ። በአራት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የተገለጠው የከተማይቱ ክፍል ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጦርነት መጥቶ ኤግዚቢሽኑ ሳይከፈት ቀረ፤ ኦስቲያ ግን ተገልጣ ቀረች።

በዚህ ጥድፊያ ውስጥ የሚፈለገው የሃድርያኖስ ዘመን ታላቅ ከተማ ነበር። ከላይ ያሉት የኋለኛው ዘመን ንብርብሮች፣ ማለት በችኮላ የተሠሩ ደካማ ግድግዳዎች፣ የተደፈኑ በሮች፣ የኖራ ምድጃዎችና ገል፣ በብዙ ቦታ በበቂ ሳይመዘገቡ ተጠርገው ወጡ። የፈረሰውም ግድግዳ በአዲስ ጡብ ተሞልቶ ከፍ አለ። ከዚያም ሊቃውንት ተገልጦ ያዩትን ከተማ ተመልክተው፣ ከ3ኛው ምእት ዓመት በኋላ በኦስቲያ ውስጥ ምንም ኑሮ አልነበረም ማለት ቻሉ። የኋለኛው ዘመን ማስረጃ መታጣቱ ግን በከፊል የአካፋው ሥራ ነበር።

የዚህ አስተሳሰብ ጠባይ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ያው መንግሥት በ1937 ዓ.ም. ከአክሱም ሐውልቶች አንዱን በመርከብ አስጭኖ ወስዶ በሮማ በቅኝ አገሮች ሚኒስቴር ፊት አቆመው፤ ሐውልቱ ወደ ስፍራው የተመለሰው በ2005 ዓ.ም. ነው። የካሊጉላ መርከብ በኦስቲያ ባሕር ላይ የግብፅን ሐውልት ያመጣበትን ጊዜ መልሶ ለማሳየት የሚፈልግ መንግሥት፣ ከታሪክ የሚፈልገው የገናናነትን ዘመን ብቻ ነው። በአክሱም ሐውልቱ ከቦታው ተነቀለ፤ በኦስቲያ ደግሞ ዘመናት ከቦታቸው ተነቀሉ። ሐውልት ሊመለስ ይችላል፤ ሳይመዘገብ የተጠረገ የዐፈር ንብርብር ግን መመለሻ የለውም።

፯. መደምደሚያ

የካልዛን ድካም መናቅ ትክክል አይሆንም። እርሱና ባልደረቦቹ ባይደክሙ ኖሮ የሮማን ተራ ሕዝብ ኑሮ የሚያሳይ እንደ ኦስቲያ ያለ ስፍራ አይኖርም ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የወጣው የከተማይቱ አጠቃላይ መግለጫ መጽሐፍ፣ ራስል ሜግዝም በ1960 ዓ.ም. ያሳተመው ታላቅ ሥራ የቆሙት በዚሁ ቍፋሮ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የኦስቲያ ምርመራ ከዚያ ወዲህ መንገዱን ለውጧል። ዛሬ ያልተቈፈረውን መሬት ሳይነኩ በመሣሪያ ያነቡታል። በ2014 ዓ.ም. እንዲህ ባለ ዘዴ የከተማይቱ ቅጥር በቲቤር ወንዝ ማዶም እንደሚቀጥል፣ በዚያም ታላላቅ ጎተራዎች እንደ ነበሩ ታውቋል። ወንዙ የከተማይቱ ድንበር ነው ይባል የነበረው፣ በመካከልዋ የሚያልፍ ጐዳና ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ግልጥ ነው። ፍርስራሽ ስለ ጥንቱ ሰው ብቻ አይመሰክርም፤ ስለ ቈፋሪውም ይመሰክራል። አንድ ከተማ በዚህ ዘመን ባዶ ነበረ ከማለት በፊት፣ የዚያ ዘመን ዐፈር ወዴት ተጣለ ብሎ መጠየቅ የታሪክ መርማሪ ግዴታ ነው። ኦስቲያን ደለል ቀብሮ ያቈየላትን ምስክርነት ያጠፋው የጊዜ ርዝመት ሳይሆን የሰው ችኮላ ነው፤ ገና ያልተቈፈረውም የከተማይቱ ክፍል፣ መልሱን ከመስማቱ በፊት የወሰነ ሰው እስካልነካው ድረስ፣ የሚናገረው ብዙ ነገር ይቀረዋል።